ሞተርና የባትሪ ድንጋይ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

ስለ ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን መግባት የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ሁልጊዜ የሚነሣው ከአንድ ደጃፍ ነው፤ እርሱም የአፄ ምኒልክ ግቢ ነው። በ1890 ዓ.ም. ግድም ለቤተ መንግሥቱ የተተከለው ጀኔሬተር እልፍኙን አበራ፤ ቀጥሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ፤ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ እንዲህ እያለ ትረካው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀው እስከ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይወርዳል። ይህ አተራረክ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ሽቦን ተከትሎ የሚሄድ ታሪክ ስለሆነ፥ ሽቦ ያልደረሰበትን አገር ገና ያልበራ ብሎ ያልፈዋል። ተወልደን ባደግንበት በወለጋ ግን ሽቦ ከመድረሱ በፊት ሞተርና ባትሪ ነበሩ፤ ሽቦው ከደረሰም በኋላ አልተሰናበቱም።

ጀኔሬተርና ባትሪ በዛሬው አነጋገር «መጠባበቂያ» ይባላሉ። መጠባበቂያ የሚለው ቃል ዋናው ነገር በሌላ ስፍራ መኖሩን ያስታውቃል። በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በነጆና በደምቢዶሎ ግን ለብዙ ዘመን ዋናው እነርሱ ነበሩ፤ ዋናው ከመጣም በኋላ ደጋግመው ወደ ቀድሞው ሹመታቸው ተመልሰዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ይህንኑ ነው። ለማስረጃም ከታተመው ታሪክ ሌላ፥ ያደግንበትን ሰፈርና የተማርንበትን የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ምስክር ቆጥረናቸዋል። መምህሮቻችን ይህ ምስክርነት ጠባብ ነው ቢሉ አንከራከርም።

በመጀመሪያ ስለ ስም አንድ ነገር እንበል። የከተሞቻችን ሰው ጀኔሬተርንም፥ ወፍጮ የሚያዞረውንም፥ መኪና የሚነዳውንም ባንድነት «ሞተር» ይለዋል። «ባትሪ» ሲል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚያዘውን መብራት ማለቱ ነው፤ በውስጡ የሚገባውን «ድንጋይ» ይለዋል። ኤሌክትሪክን ራሱን «መብራት» ይለዋል፤ ስለዚህ ፀሐይ በወጣበት በቀትር «መብራት ሄደ» ቢባል የሚስቅ የለም። የሄደው ወፍጮውና የጠጉር አስተካካዩ መላጫ ነው፤ ስሙ ግን መብራት ነው። በኦሮምኛም ኢብሳ የሚለው ቃል ለመብራትም ለማብራሪያም ያገለግላል።

ወደ ምዕራብ አገር መጀመሪያ የገባው ጀኔሬተር መብራት ያበራ አይመስለንም። ከጣልያን ወረራ በፊት አዲስ አበባን ከምዕራብ ጋር ያገናኘው የስልክ መስመር በየጣቢያው የእንጨት ሣጥን ነበረው። በሣጥኑ ጎን ያለውን እጀታ የስልክ ሠራተኛው ሲያዞረው በውስጡ በማግኔት መካከል የተጠቀለለ ሽቦ ይሽከረከራል፤ ከዚያ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በማዶ ያለውን ደወል ያስጮኻል። ይህ በእጅ የሚዞር ትንሽ ጀኔሬተር ነው። ድምፁን ለማስተላለፍ ግን የማያቋርጥ ኃይል ያስፈልግ ስለነበር፥ ፈረንሳዊው ሌክላንሼ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ባወጣው ዘዴ የተሠራ የዚንክና የከሰል ባትሪ ይቀመጥለት ነበር። እንግዲህ ጀኔሬተርና ባትሪ አንድ ሣጥን ተጋርተው ሲሠሩ የአገራችን ሰው ያየው በስልክ ነው ማለት ነው። የወሬ ነገር ከመብራት ነገር ቀደመ፤ ለምን እንደቀደመ መንግሥት የነበረበትን ዘመን የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

ከስልኩ ቀጥሎ የሚነሡት ሚሲዮኖች ናቸው። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ከገባ በኋላ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት አቋቋመ፤ አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1911 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል ሰዮ፥ ማለት ደምቢዶሎ ደረሰ፤ የጀርመን ሄርማንስቡርግ ሚሲዮን በአይራ፥ አድቬንቲስቶች በጊምቢ ሐኪም ቤት ሠሩ። የከተማ መብራት በሌለበት ስፍራ ሐኪም ቤት የሠራ ሁሉ መብራቱንም ራሱ መሥራት ግዴታው ነው። ማሾ የሚባለው የላምባ ፋኖስ ብርሃኑ ጥሩ ቢሆንም ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ በማደንዘዣ ኤተር አጠገብ ሊያቀርቡት የማይገባ እሳት ነው። የራጅ መሣሪያ ደግሞ በላምባ አይሠራም። የክትባት መድኃኒት ማቀዝቀዣ ብቻ በላምባ መሥራት ይችል ነበር፤ በሩቅ ጤና ጣቢያዎች ብዙ ዘመን የኖረውም በዚሁ ነው። ስለዚህ በየሚሲዮኑ ግቢ ጓሮ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተሠራች።

እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት ይህች ቤት እስከ ዛሬ አለች፤ «ሞተር ቤት» ትባላለች። ግድግዳዋ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ወለሉ ናፍጣ ጠጥቷል። እኛ ስንማር የከተማው መስመር ወደ ግቢው ገብቶ ነበር፤ ሆኖም መስመሩ በሄደ ማታ ሁሉ ሞተሩ ይነሣ ነበር። የሚነሣውም ለጥናት ሰዓት ብቻ ነው፤ ናፍጣው በሊትር ተለክቶ ለሞተረኛው ይሰጠዋል። ሊያጠፋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሞተረኛው ጉልበቱን አንድ ጊዜ ዝቅ፥ አንድ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል፤ አምፑሉ ሁሉ ዐይኑን ይጨፍንና ይገልጣል። ይኸን ጊዜ የሒሳቡን የመጨረሻ መስመር ያልጨረሰ ሁሉ ይጣደፋል። ታላላቆቻችን እንደነገሩን ይህ ምልክት ከመስመሩ መምጣት በፊትም ያው ነበር፤ ልዩነቱ በእነርሱ ዘመን በየማታው መሆኑ ነው። የሁለት ትውልድ ተማሪ የሰዓት አቆጣጠሩን ከአንድ ሞተረኛ እጅ ተማረ ብንል ማጋነን አይሆንም። ሞተረኛው ግን በትምህርት ቤቱ የታሪክ መጽሔት ስሙ አልተጻፈም፤ የሳር አጫጁም አልተጻፈ።

ከሚሲዮን ግቢ ውጭ ለነበረው ሕዝብ መብራትን ያስተዋወቀው ወፍጮ ቤት ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች እንደሆነው ሁሉ በወለጋም ነጋዴው መጀመሪያ የሚገዛው ሞተር ለእህል ነው። ቀን ቀን ቺንጋው ከድንጋዩ ወፍጮ ጋር ተያይዞ ይፈጫል፤ ሲመሽ ቺንጋው ከወፍጮው ወልቆ ወደ ዲናሞው ይዞራል። ከዲናሞውም ሽቦ ተዘርግቶ ወደ ሻይ ቤቱ፥ ወደ ጠጅ ቤቱና ወደ ጥቂት ጎረቤት ይገባል፤ ክፍያው በቆጣሪ ሳይሆን በአምፑል ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው መብራት የባለ ወፍጮው መብራት እንጂ የከተማው መብራት አልነበረም። እርሱ ለቅሶ ከሄደ ሰፈሩ ይጨልማል፤ ልጁን ከዳረ እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል።

የሞተር ኑሮ በደጋ ከባድ መሆኑንም መግለጽ ይገባል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ዲዝል ሞተር ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳበት በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል፤ በባሕር ዳርቻ 20 ኪሎዋት ተብሎ የተሸጠው ሞተር ነቀምቴ ሲደርስ 18 ነው። ናፍጣውም ከአዲስ አበባ 330 ኪሎሜትር ያህል በመኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው። በክረምት መንገዱ ሲበላሽ የመብራቱም ዋጋ አብሮ ይበላሽ ነበር። ስለዚህ የሞተር መብራት ከጠዋት እስከ ማታ የሚነድ አልነበረም፤ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት የሚገዛ ዕቃ ነበር።

ሞተሩ ያልደረሰው ሰው ቤት የገባው ድንጋዩ ነው። በቱቦ ይሠሩ የነበሩት የቀድሞ ሬዲዮዎች ከባድ ባትሪ ይፈልጉ ነበር፤ ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ ግን ጥቂት ድንጋይ የሚበቃው ሬዲዮ በአህያ ጭነት መካከል ተሸጉጦ ገበያ ለገበያ ዞረ። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ፥ በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት እስኪወረስ ድረስ፥ ወንጌላውያን አማንያን በሚበዙበት በወለጋ ታላቅ አድማጭ ነበረው። ያዳምጥ የነበረው ገበሬ በቤቱ አምፑል አልነበረውም፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክን ጥቅም በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው የቀመሰው። ድንጋይ ውድ ስለሆነ ሬዲዮው የሚከፈተው ለዜናና ለተመረጠ ዝግጅት ብቻ ነው። ኃይሉ ሲደክም ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት በየቤቱ የታወቀ ነው። ሳይንስ የተማረ ሰው ይህን አይቶ ባይስቅ መልካም ነው፤ ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ስለሚያፋጥነው በእርግጥም ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። ባለሥልጣኑ ከተቋቋመ በኋላ የአገሪቱ መብራት በሁለት ወገን ተከፈለ፤ አንደኛው በግድብ ኃይል እርስ በርሱ የተያያዘው መስመር ሲሆን፥ ሁለተኛው በየከተማው ለብቻው በናፍጣ ሞተር የሚሠራው ነው። የወለጋ ከተሞች ለረጅም ጊዜ የሁለተኛው ወገን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከሁለቱም ወገን አልነበሩም። በዚህ መካከል በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1973 የፊንጫ ግድብ ሥራ ጀመረ። ፊንጫ ዛሬ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ በሚባለው አገር ያለ የአባይ ገባር ነው። ግድቡ ሲጀምር 100 ሜጋዋት ያመነጭ ነበር፤ አራተኛው ተርባይን በ1995 ዓ.ም. ሲጨመር 134 ደረሰ። የጮመን ረግረግና በዙሪያው የነበረው የግጦሽና የእርሻ መሬት በውኃው ተዋጠ፤ ባለ መሬቶቹ ተነሡ። ኃይሉ ግን በከፍተኛ መስመር ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ብረቱ ምሰሶ በገበሬው ማሳ ላይ ቆሞ፥ ገበሬው ከሥሩ በኩራዝ እራቱን ይበላ ነበር።

በዚህ ነገር ቶሎ ብሎ መፍረድ አይገባም። ከከፍተኛ መስመር ለትንሽ ከተማ ኃይል ለማውጣት የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ መሥራት ያስፈልጋል፤ ዋጋውም የጥቂት መቶ አምፑል ክፍያ የሚመልሰው አይደለም። ፋብሪካው የነበረውም አዲስ አበባ ነው። ሆኖም መሐንዲሱ ትክክል ቢሆንም በጮመን ዳር መሬቱን ያጣው ሰው ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም በያሉበት ሲታዩ እውነት አላቸው፤ ታሪክ ጸሐፊም አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይቻለውም። በኋላ የነሼ ግድብ በ2004 ዓ.ም. ተጨመረ፤ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካም ከሸንኮራው ጭማቂ የተረፈውን ገለባ እያነደደ የራሱን ኃይል ማመንጨት ያዘ። መስመሩም ቀስ በቀስ ነቀምቴን፥ ጊምቢንና ሌሎቹን ከተሞች ደረሰ።

መስመሩ ሲደርስ የሆነውን በዐይናችን ካየነው እንናገራለን። በሰፈራችን የነበረው ባለ ወፍጮ የናፍጣ ሞተሩን ሸጠ። የኤሌክትሪክ ሞተር ገዛ፤ ጭስ የለውም፥ ጩኸት የለውም፥ ናፍጣ ፍለጋ የለውም፤ የሚያስፈጨውም ሰው ዋጋው ስለቀነሰለት ደስ አለው። ብልህ ሥራ ነበር፤ እኛም ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር። ነገር ግን መስመሩ መሄድና መምጣት አበዛ። ነፋስና ዝናም የእንጨቱን ምሰሶ ይጥላል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በምዕራብ ኦሮሚያ በተነሣው ግጭት ምክንያት የተበጠሰን መስመር ለመጠገን መድረስ ራሱ አስቸጋሪ ሆነ። መስመሩ ለሳምንታት በሄደ ጊዜ ባለ ወፍጮው ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ቆሞ ወፍጮውን ያያል። እህሉን ተሸክመው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ወዳልሸጠ ሌላ ባለ ወፍጮ ሩቅ መሄድ የነበረባቸው እናቶቻችን ናቸው። ከመስመሩ በፊት እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም፤ ችግሩን ያመጣው መስመሩ መምጣቱ ሳይሆን፥ ሲመጣ የነበረውን ማስጣሉ ነው። በዚያው መንገድ ዳር በእግሩ የሚረግጠውን የስፌት መኪና ያልለወጠው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ሥራ አልፈታም።

በዚህ ጊዜ የባትሪም ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ያዘ። ከታኅሣሥ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ ከውጭ የሚመጣ ወሬ የሚሰማው እንደገና በሬዲዮ ነበር፤ የአያቶቻችን ድንጋይ ወደ ሱቅ መደርደሪያ ፊት ተመለሰ። በሌላም ጊዜ ቢሆን መብራት ሲሄድ ስልክ አብሮ መሄዱ የታወቀ ነው፤ የስልክ ማማው በባትሪ የሚቆየው ለተወሰኑ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጀኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ናፍጣው ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። በየቤቱም ሰው የመኪና ባትሪ ገዝቶ ከኢንቨርተር ጋር አያያዘ። አንድ 12 ቮልት፥ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሊወርድ ስለማይገባው የሚጠቅመው 0.6 ብቻ ነው፤ ይህም ስድስት ባለ 10 ዋት አምፑሎችን አሥር ሰዓት ያበራል። ብዙዎች ግን ይህን ሳያውቁ እስኪያልቅ ይጠቀሙበታል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተርን ለጥቂት ሰኮንድ በብርቱ ለማስነሣት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ለመስጠት አይደለም፤ በወራት ውስጥ ይሞትና ባለቤቱ ሻጩን ይረግማል። በእኛም ቤት አንዱ እንዲሁ ሞቷል።

የመኪና ባትሪ ካነሣን ዘንድ የመኪናውም ነገር ተያይዞ ይመጣል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለአፄ ምኒልክ ሲያመጣ መኪናው የቤንዚን ነበር፤ በዚያው ዘመን ግን በአሜሪካ ከተሞች በባትሪ የሚሄዱ መኪናዎች ብዙ ነበሩ። ቤንዚን ያሸነፈበት አንዱ ምክንያት የሚያስገርም ነው። የቤንዚን ሞተር በእጅ ማዞሪያ ሲነሣ ክንድ ይሰብር ነበር፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ኬተሪንግ የሚባል መሐንዲስ ያወጣው በባትሪ የሚነሣ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ። እንግዲህ የባትሪ መኪናን ከገበያ ያስወጣው ራሱ ባትሪ ነው ማለት ይቻላል። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ መንግሥታችን በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ብዙ፥ የግድቦቻችን ኃይል ደግሞ የራሳችን በመሆኑ የተሰጠው ምክንያት ጠንካራ ነው። ከዚህ በፊት የገቡት የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና የጅቡቲ ባቡር ኃይላቸውን በመንገዳቸው ላይ ከተዘረጋ ሽቦ የሚወስዱ ናቸው፤ የባትሪ መኪና ግን ኃይሉን ተሸክሞ ሽቦ ወደሌለበት ይሄዳል፤ ሲደርስ ግን ሽቦ ይፈልጋል።

እስቲ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ እንሂድ። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ መኪና ሙሉ ሆኖ ከተነሣ 350 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል ብንል ነቀምቴን ለጥቂት ይደርሳል። ከጌዶ ደጋ ወደ ባኮ ሲወርድ የመኪናው ሞተር ራሱ ጀኔሬተር ሆኖ ባትሪውን በጥቂቱ ይሞላል፤ ሁለቱንም «ሞተር» ብለው የጠሩ አባቶቻችን አልተሳሳቱም ነበር። ከባኮ ወዲያ ግን ዳገቱ የተሰጠውን ይቀበላል። ነቀምቴ ሲገባ መብራት ካለ ሌሊቱን ይሞላል። ከሌለስ? የሆቴሉን ጀኔሬተር ይጠይቃል። አንድ ሊትር ናፍጣ በጀኔሬተር ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ ባትሪውን ለመሙላት ከ20 ሊትር በላይ ይነዳል። አንዲት ትንሽ የናፍጣ መኪና ያንኑ 350 ኪሎሜትር በዚያው 20 ሊትር ግድም ትሄዳለች። ባለ ባትሪው መኪና የናፍጣ መኪና ሆነ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሚጨሰው ከኋላው ሳይሆን ከሆቴሉ ጓሮ መሆኑ ነው።

የተገላቢጦሹ ስሌት ግን ያስደስታል። ከእነዚህ መኪናዎች አንዳንዶቹ ከባትሪያቸው ወደ ውጭ ኃይል መስጠት ይችላሉ። በቀን ሁለት ኪሎዋት ሰዓት የሚበቃው ቤት ከአንድ ሙሉ መኪና አንድ ወር ይኖራል፤ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ግድም የሚበላ የክትባት ማቀዝቀዣ ደግሞ ከዚያ እጥፍ ይቆያል። ለነቀምቴ የባትሪ መኪና የመጀመሪያ ጥቅሙ መሄዱ ሳይሆን መቆሙ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ስንል ጓደኞቻችን ስቀውብናል፤ ስሌቱን ግን ያፈረሰልን የለም።

ከላይ ያነሣነው የሰፈራችን ባለ ወፍጮ ባለፈው ዓመት አሮጌ የናፍጣ ሞተር መልሶ ገዛ፤ የኤሌክትሪኩን ግን አልሸጠም። ዛሬ ወፍጮው በመካከል ነው፤ ሁለቱ ሞተሮች በግራና በቀኝ ተተክለዋል። መብራት ሲሄድ ልጁ ቺንጋውን ከአንዱ አውልቆ ወደ ሌላው ያዞራል፤ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል።